ድሬዳዋ ላይ ወደ ማን ቋንቋ እናጋድላለን?

የምኖርበት ግቢ ውስጥ ሦስት ልጆች አሉ። እድሜያቸው ተቀራራቢ ነው። ጠዋት ጠዋት በአንድ በር ይወጣሉ፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ይለያያሉ። አንዷ በአማርኛ ነው የምትማረው። አንዱ በአፋን ኦሮሞ። ሦስተኛዋ በሶማሊኛ። ድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በሦስቱም ቋንቋዎች ስለምትሰጥ ይህ ለከተማው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ካለ ወዲህ የመጣ ነው። ትክክል ነው ብዬም አምናለሁ። በማይሰማው ቋንቋ ሒሳብ የሚማር ልጅ ድካሙ እጥፍ ነው።

ግን ጠዋት ጠዋት ሲለያዩ ባየኋቸው ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። እኔ ኦሮምኛ የለመድኩት ከጎረቤት ነው። የምችላትን ጥቂት ሶማሊኛም ከመንገድ ነው የለቀምኳት። መምህር አልነበረኝም፤ ደብተርም አልያዝኩም። እነዚህ ሦስት ልጆች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከየት ያገኙታል? ማንስ ነው የማንን የሚማረው?

ከገበያ ልጀምር። በድሬዳዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ሰው ጠዋት ቀፊራ ይሂድ። ሁልጊዜ ቲማቲምና ሎሚ የምገዛት ሴት አለች። ከገጠር ቀበሌ ነው የምትመጣው፤ ኦሮሞ ናት። ባለፈው ሳምንት ከፊቷ ቆሜ ሦስት ሰው አስተናገደች። ከኔ በፊት የነበረችው ገዢ ሶማሌ ናት። "ኢስካ ወራን?" አለቻትና ዋጋውን በሶማሊኛ ነገረቻት። ወዲያው ከሰፈሯ የመጣች ሴት ደረሰች። "ነጋያ? አካም ጅርታ?" ተባባሉ። ወደኔ ስትዞር፣ "እሺ ወንድሜ፣ ስንት ኪሎ ላድርግልህ?" አለችኝ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ አንድ ቀን ራሷ ነግራኛለች።

የገበያው ሕግ ቀላል ነው። ሻጭ ወደ ገዢው ቋንቋ ያጋድላል። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ከአለባበሱ፣ ከሰላምታው፣ አንዳንዴም ከአረማመዱ ይገመታል። ግምቱ ከተሳሳተ ችግር የለም። ይሳቅና ቋንቋው ይቀየራል።

ድሬ ፍቅር ናት የሚባለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። እኔም እላለሁ፤ እወዳታለሁ። ግን ያን ዕለት ሎሚዬን ይዤ ስመለስ አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ። እሷ ወደኔ አጋደለች። እኔ አንዲት ቃል እንኳ ወደሷ አላጋደልኩም። ኦሮምኛ እችላለሁ እኮ! አላስፈለገኝማ። ድሬዳዋ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ የተወለደ ሰው ሌላ ቋንቋ ሳይነካ ሕይወቱን ሙሉ መኖር ይችላል። የሻጯ ልጅ ግን አማርኛ ሳይችል ብዙ በር አይከፈትለትም።

ቁጥሩን እንየው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ ነዋሪ 341,834 ነበር። ከ100 ሰው 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ያህሉ ሶማሌ፣ 20 ያህሉ አማራ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ እስከዛሬ የምንጠቅሰው ይህንኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር ደግሞ አማርኛን የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። ብሔሩ እንዲህ በተሰባጠረበት ከተማ አንድ መግባቢያ ያስፈልጋል፤ አማርኛ ያንን ሥራ ሠርቷል፣ እየሠራም ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አብሮ መኖራችን የሚቆመው በብዙ ሰው የየቀን ድካም ላይ ነው። የዚያ ድካም ትልቁ ድርሻ ያረፈው ደግሞ አማርኛ የአፍ መፍቻው ባልሆነው ሰው ላይ ነው።

እንዲህ የሆነበት ታሪክ አለው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ወጪውን አከበደውና መስመሩ በቆላው ሄደ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ሥፍራው "አዲስ ሐረር" ተባለ። ስሙ ግን አልበረከተም፤ ነዋሪው የሚጠራበት ድሬዳዋ አሸነፈ። ስለዚህ ስም እንኳ ሁለት ታሪክ ይነገራል። ኦሮሞው "ዲሬ" ሜዳ ነው፣ "ደዋ" መድኃኒት ነው ይላል። ሶማሌው ደግሞ ዲር የተባለው አባታችን ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላል። ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም።

አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀው። ፈረንሳዮቹ ያቋቋሙት ድርጅት ስለሆነ የሥራው ቃል ሁሉ ፈረንሳይኛ ነበር። ባቡሩን "ሸማንደፈር" ነበር የሚለው። ከሥራ ጓዶቹ ጋር ግን በአማርኛና በኦሮምኛ ያወራል፤ ከጅቡቲ በኩል ከሚመጡት ጋር ሶማሊኛ ይሞክራል። ፊርማውን የሚፈርመው በላቲን ፊደል ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ደመወዝ ላይ የሚፈረመው እንደዚህ ነዋ" አለኝ።

የሰፈሮቻችን ስም የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው። "ገንደ ዲፖ" የምንለው ሰፈር አለ። "ገንደ" ኦሮምኛ ነው፤ ሰፈር ማለት። "ዲፖ" ከባቡሩ የመጣ ፈረንሳይኛ ነው። "ገንደ ተስፋ" ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛ ተጋብተው የወለዱት ስም ነው። አዲስ አበባ "ለገሃር" አላት፤ የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። እኛ ጋ "ለገሃሬ" አለ። አንድ የሚመስሉት ለማያውቅ ሰው ነው። የኛው ኦሮምኛ ነው፤ "ለገ" ወንዝ፣ "ሃሬ" አህያ። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ፈረንሳዮቹ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ያቀዷት ከዚራ፣ በሌላ በኩል ጠመዝማዛዋ መጋላ። "መጋላ" ራሱ በኦሮምኛ ከተማም ገበያም ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ስለማስበው ነገር ላውራ። "አንተ" ስለምትባለው ቃል።

አያቴን "ነበር" እንጂ "ነበሩ" እንዳላልኩ አስተውላችሁ ይሆናል። ረስቼ አይደለም። እኛ ጋ አንቱታ የለም ይባላል፤ እውነትም እምብዛም የለም። አያቴን "አንተ" እያልኩ ነው ያደግኩት። ጎረቤታችንን ሀጂንም "አንተ" ነው የምንለው። የሰፈሩን ቄስ "አባ፣ መጣህ እንዴ?" ብሎ የሚቀበል ብዙ ነው። የመሀል አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ስድ አደግ ይሉናል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ቀልድ ይወስደዋል።

እኔ ይህን ያወቅኩት በሃያ ዓመቴ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላስፈርም ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ሽበታም ነበር። በሙሉ አክብሮት፣ "አባባ፣ አንተ ጋ ነው የሚፈረመው?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ? እኔን ነው አንተ የምትለው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ደብዳቤውን ወደ ጎን ገፋውና ሌላ ሰው ጠራ። ከሰዓት በኋላ ድረስ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ያጠፋሁት ምን እንደሆነ የነገረችኝ ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ናት። እሷም የሐረር ልጅ ነበረች።

ለብዙ ጊዜ ያፈርኩት በራሴ ነው። በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ። አያቴን አላከብረውም ነበር? ሲገባ ተነስቼ ቦታ እለቅ ነበር። ከሱ በፊት እጄን ማዕድ ውስጥ አላስገባም። ድምፄን አልጨምርበትም። አክብሮቱ ነበረ፤ ያለበት ቦታ ነው የተለየው። በአማርኛ ሰዋስው ክብር "እርስዎ" እና "አንቱ" ውስጥ፣ በግሡ ጫፍ ላይም ይቀመጣል። እኛ ጋ ክብሩ መጠሪያው ላይ ነው ያለው። "አባባ"፣ "እማማ"፣ "ሀጂ"፣ "ኦቦ"፣ "አዴ"። መጠሪያውን የዘለለ ልጅ ነው ባለጌ የሚባለው። "አንተ" ያለ አይደለም።

ይህ ከየት መጣ? እኔ የማስበው ከጎረቤት ነው። ሶማሊኛ በዕለት ተዕለት ንግግር ትልቅ ሰውንም ትንሹንም የሚጠራው በአንድ ተውላጠ ስም ነው። የሐረርጌ ኦሮሞም ሽማግሌውን "አቲ" ይላል፤ ሸዋና ወለጋ ላይ በአክብሮት የሚባለው "ኢሲን" እኛ ጋ ያን ያህል አይሰማም። ዐረብኛውም እንዲሁ ነው። አማርኛ በነዚህ ሁሉ መሀል መቶ ዓመት ሲኖር ያንን ለመደ። እንግዲህ እዩት። አማርኛ ለሌሎቹ ቃል እንዳበደረ ሁሉ ከነሱም ጠባይ ተበድሯል። ብድሩ እንዲሁ ተራ ቃል አይደለም። ሰው ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚቆም የሚወስን ነገር ነው።

ከሶማሊኛ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው ነው። "አዴር" አጎት ማለት ነው። ልጅ ትልቁን ሰው "አዴር" ይለዋል። ትልቁም ልጁን መልሶ "አዴር" ይለዋል። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገባኝ። አጎቱ ማን ነው? በኋላ የናቴ ነገር ትዝ አለኝ። እሷም እኔን "አባቴ"፣ "አባብዬ" ትለኝ ነበር። ልጅን በአባት ስም መጥራት ለኛም እንግዳ አይደለም ለካ። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር ሐረግ ይራራቃሉ፤ አንዱ ሴማዊ ነው፣ አንዱ ኩሻዊ። እቅፍ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚያደርጉት አንድ ነው።

"አቦ" የምንላትም ነገር አለች። ሳናስበው ከአፋችን ትወጣለች። "ተወና አቦ!"፣ "ና አቦ!" ክርስቲያኑ "ወላሂ" ብሎ ይምላል፣ "ኢንሻአላህ" ብሎ ይቀጥራል። "ወሪያ" ደግሞ ሶማሊኛ ነው፤ "አንተ ልጅ" እንደማለት። እኛ ጋ ጓደኛ የሚጠራበት ነው። ከዚህ ራቅ ሲል ግን ሶማሌን ለማሸማቀቅ የሚወረወር ቃል ይሆናል። ድሬ ልጅ ሌላ ከተማ ሄዶ ቃሉን እንደለመደው ሲጠቀም የሚያስቀይመው ለዚህ ነው።

ወደ ሐረር እንውጣ። ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንገጎን ስትወጣ ሙቀቱ ይለቅሃል። ሐረር የሌላ ዓይነት ትምህርት አላት። ነባሮቹ ሰዎቿ ከተማቸውን "ጌይ" ነው የሚሏት፤ "ከተማ" ማለት ነው፣ በቃ። ቋንቋቸው "ጌይ ሲናን"፣ የከተማው ቋንቋ። ራሳቸውን "ጌይ ኡሱእ" ይላሉ፣ የከተማው ሰው። ሌላው "አደሬ" ሲላቸው ኖሯል፤ ብዙዎቹ ግን ይህ መጠሪያ ደስ አይላቸውም። አንድን ሰው ራሱ በመረጠው ስም መጥራት ምንም ወጪ የለውም። "ሐረሪ" ማለት በቂ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የተሠራው የጁገል ግንብ አምስት በሮች አሉት። እያንዳንዱ በር ግን ስሙ አንድ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው "ሸዋ በር" የሚለውን ሐረሪው "አስመዲን በሪ" ይለዋል። "ቡዳ በር" ለሱ "በድሪ በሪ" ነው። "ኤረር በር" ደግሞ "አርጎብ በሪ"። ልብ በሉ፣ "በር" እና "በሪ" ወንድማማች ቃላት ናቸው። ስሞቹ ደግሞ ሰው ከበሩ ቆሞ ወዴት እንደሚያይ ይናገራሉ። አንዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ያያል፤ ሌላው በዚያው በር የአርጎባን ሰው ይጠብቃል።

ግንቡ ውስጥ "መኪና ግርግር" የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ስሟን ያገኘችው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ ቆሞ ጨርቅ የሚያሰፋ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጌይ ሲናን፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማል። ሰፊዎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ እግራቸው ከፔዳሉ አይነሳም።

ሐረሪ በክልሉ ቁጥሩ ትንሽ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከ100 ነዋሪ 9 ያህሉ ብቻ ነው። ኦሮሞው ከግማሽ በላይ ነው። ታዲያ ቋንቋው እንዴት አልጠፋም? ቀድሞ በዐረብኛ ፊደል ተጽፏል፤ ዛሬ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ ከአፋን ኦሮሞ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ይህ ሁሉ ረድቷል። ለኔ ግን ዋናው አፎቻ ይመስለኛል። አፎቻ እንደኛ እድር ነው፤ ሠርግም ለቅሶም የሚደርስ። እዚያ የሚወራው በጌይ ሲናን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ምንም ይማር፣ የአክስቱ ሠርግ ላይ የሚዘፈነውን መቀበል አለበት። ከረመዳን በኋላ የሚመጣው ሹዋሊድም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል። በዓሉ በዚክርና በዜማ የሚያልፍ ስለሆነ ልጆቹ ግጥሙን ካልያዙ ዳር ይቆማሉ። ዳር መቆም የሚፈልግ ልጅ ደግሞ የለም።

ሐረሪው ይህን ሁሉ ሲጠብቅ በሩን አልዘጋም። ኦሮምኛ የማይችል የሐረር ነጋዴ አላጋጠመኝም። ከገጠር ጫትና አትክልት ይዘው የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶችም ጌይ ሲናን ይመልሳሉ። የራስን መያዝና ወደ ሌላው ማጋደል አብረው እንደሚሄዱ ያየሁት እዚያ ነው።

ማጋደል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያየሁት ደግሞ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። የታመመ ዘመድ ይዤ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ገቡ። "ገራን ነ ዱኩበ" አሉ፤ ሆዴን ያመኛል ማለታቸው ነው። ነርሷ ከሌላ አካባቢ በቅርብ የተመደበች ልጅ ናት፤ አልሰማቻቸውም። ደግ ልጅ ነበረች፤ ተጨንቃለች። ወለል የምትጠርገው ሴት መወልወያዋን አስደግፋ መጣችና አስተረጎመች። መቼ ጀመረዎት፣ ያስመልስዎታል ወይ፣ የወሰዱት መድኃኒት አለ ወይ። እሷ ባትኖር እኚያ እናት ምን ይሆኑ ነበር? ለዚያ ሥራ ማንም አይከፍላትም። ቀኑን ሙሉ ከጠረገች በኋላ ስንቴ እንደምትጠራ አላውቅም።

"ገራ" ሆድ ነው። ግን ልክ እንደ አማርኛው ሁሉ የአካል ክፍል ብቻ አይደለም፤ ስሜትም ነው። እኛ "ሆደ ቡቡ" እንላለን፤ እነሱ "ገራ ላፌሳ" ይላሉ፣ ሆዱ የለሰለሰ፣ ሩኅሩኅ። "ሆዴ ሻከረ" የሚል ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ "ሆዴ ቆረጠኝ" የሚል ይሄዳል። ይህን ልዩነት በሌላው ቋንቋ ለመስማት መዝገበ ቃላት አይበቃም። አብሮ ቡና መጠጣት ያስፈልጋል።

ታዲያ ችግሩ አብሮ የሚጠጣበት ቦታ እያነሰ መምጣቱ ነው። የአያቴ ጋራዥ ዛሬ ዝም ብሏል። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። ተሳፋሪ ይጭናል፤ እንደ አሮጌው ግን ሠራተኛን፣ ነጋዴንና ሻይ ሻጭን አንድ ግቢ ውስጥ አያሳድግም። አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ የነበራቸው የጋራ ግቢዎች እየፈረሱ ነው። ለንጽሕናው ጥሩ ነው። ግን እኔ ኦሮምኛ የተማርኩት ያቺን ቧንቧ ወረፋ ስጠብቅ ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ ማታ ስልክ ላይ ናቸው። ቲክቶክ የሚያመጣላቸው የራሳቸውን ቋንቋ ነው።

በርጫውም አለ። ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት ወግ ነው። ጠዋት የሚቃመው "ኢጃበና" ይባላል፤ ኦሮምኛ ነው፣ ዓይን መክፈቻ። አራት ቋንቋ የሚያወራ በርጫ አይቻለሁ። ግን እሱን የልጆች የቋንቋ ትምህርት ቤት አድርጌ አላቀርብም። ስንት ጎበዝ ጓደኛዬን ጊዜና ገንዘብ እንደበላበት አውቃለሁ።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ሦስት ቋንቋ መቻል ሰላምን አያረጋግጥም። በ2011 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ድሬዳዋ ተረብሻ ነበር። በዓመቱ ሐረር እንዲሁ። ድንጋይ ከወረወሩት መካከል የሦስቱንም ቋንቋ የሚችሉ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን በኛ መንገድ ያን ዕለት የሆነውን አልረሳውም። የሩቅ ጩኸት ሲሰማ ማዶ ያለችው ሶማሌ ጎረቤታችን በሩን ከፍታ፣ "ልጆቹን ወደዚህ አስገቡ" አለች። ያለችው በአማርኛ ነው። በዚያ ሰዓት እንኳ ያጋደለችው እሷ ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ትግርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። የከተማችን ሬዲዮና ቴሌቪዥንም በሦስቱ ቋንቋዎች ያሰራጫሉ። መንገዱ ተጀምሯል። የጎደለው ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፣ በተለይ በኛ በአማርኛ ተናጋሪዎቹ በኩል። በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚማሩት ልጆች አማርኛን እንደ ትምህርት ይማራሉ። ሰፈሩም ያስገድዳቸዋል። በአማርኛ የሚማረው ልጅ ግን ከጎረቤቱ ቋንቋ አንዱን በቁም ነገር መማር አለበት። ፊደሉን ጭምር፤ ሁለቱም የሚጻፉት በላቲን ስለሆነ አንዱን ካወቀ ሌላውን ማንበብ አይከብደውም። ለፈተና ብቻ ከሆነ አይሠራም። ገበያ ሄዶ የሚጠይቅበት፣ የጓደኛውን አያት የሚያናግርበት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር ከትልቆቹ ይጀምራል። ድሬዳዋ ላይ የሚመደብ ነርስ፣ ፖሊስ፣ የመታወቂያ ሠራተኛ ቢያንስ በሦስቱ ቋንቋ ሰላም ማለትና ችግርን መጠየቅ ይልመድ። ስድሳ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ልታስተምረው ትችላለች፤ እየተከፈላት።

እኔም ጀምሬያለሁ። ቀፊራ ስሄድ በኦሮምኛ ነው የምገዛው። ሻጯ የመጀመሪያ ቀን በአማርኛ መለሰችልኝ። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሳታስበው በኦሮምኛ ቀጠለች። ሎሚ ስትመርቅልኝ ስለ ልጇ ሕመም አወራችኝ። በአማርኛ አውርታኝ አታውቅም ነበር።

ማታ ማታ ሦስቱ ልጆች ግቢ ውስጥ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ዓይኑን ሸፍኖ የሚቆጥረው በራሱ ቋንቋ ነው። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ልጁ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን" ይላል። የሶማሌዋ ልጅ "ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ፣ አፈር፣ ሸን" ትላለች። ሁለቱም "ሸን" ላይ ይገናኛሉ፤ ያንን ስላወቁት ሁልጊዜ "ሸን!" የምትለዋን አብረው ይጮኻሉ። አማርኛ የምትማረዋ ጎረቤቴ ልጅ ትናንት ተራዋ ደረሰ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" አለችና ቆመች። ከዚያ ግድግዳው ላይ እንደተደፋች "ሸን!" ብላ ጮኸች። ከውኃ ታንከሩ ጀርባና ከደረጃው ሥር ሁለት ድምፅ ተቀበላት።